የወደቀ ቅርፊትና ሕያው ዛፍ

በሰሜን አሜሪካ ኮተንውድ የሚባል ትልቅ ዛፍ አለ። ዘሩ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ጠጕር ለብሶ በነፋስ ስለሚበተን፣ የስሙ ትርጓሜ የጥጥ እንጨት ማለት ነው። ካንሳስ የሚባለውም ግዛት በ1937 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የግዛቱ ዛፍ እንዲሆን መረጠው። ይህ ዛፍ ባረጀ ጊዜ ቅርፊቱ እጅግ ይወፍራል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ቢላዋ ያለ ብዙ ድካም ይቈርጠዋል።

በዚያ አገር ብዙ ሰዎች ከሥራቸው በተረፈ ጊዜ ከዚህ ቅርፊት የሰው ፊት ይቀርጻሉ። ብዙውን ጊዜ የሚቀረጸው ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ ነው። ቀራጩ አስቀድሞ ቅርፊቱን እያገላበጠ ይመለከታል። ከዚያም በኋላ አፍንጫው ጎልቶ እንዲቀር ግራና ቀኙን ዝቅ ያደርጋል፤ ጥላም እንዲያርፍበት የዓይኑን ስፍራ ጠለቅ አድርጎ ይቈፍራል። የከንፈሩን ጫፍ ጥቂት ወደ ላይ ቢያነሣው ሽማግሌው ይስቃል፤ ወደ ታች ቢያወርደው ያዝናል፤ ቅንድቡን ዝቅ አድርጎ ቢያቀራርበው ይቈጣል። አንዲት የቢላዋ ጭረት ደስታውን ወደ ኀዘን ትለውጣለች።

ይህ ሥራ ትዕግሥትን ያስተምራል። የቸኰለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እህልስ ቢፈስ ይለቀማል፤ ተቈርጦ የወደቀ አፍንጫ ግን ተመልሶ አይበቅልም። ቢላዋውም የተሳለ ሊሆን ይገባል። የዶለዶመ ቢላዋ ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ድንገት ተንሸራቶ እጅን ያቈስላልና።

ነገር ግን ከእጅ ብልሃት የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ቅርፊቱ ከየት መጣ ማለት ነው። መልካም ቀራጭ ቅርፊቱን የሚወስደው ሞቶ ከደረቀ ወይም ከወደቀ ዛፍ ነው። ቅርፊት ለሕያው ዛፍ እንደ ልብስ አይደለም፤ እንደ ቆዳ ነው እንጂ። ከሻካራው ቅርፊት በታች ልጥ አለ። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በዚህ ልጥ በኩል ነው። ግንዱ ዙሪያውን ቢላጥ ሥሩ ይራባል፤ ሥሩም ሲራብ ዛፉ ይደርቃል። ዙሪያውን ባይላጥ እንኳ በቍስሉ በኩል ነቀዝና በሽታ ሊገባበት ይችላል።

አንዳንድ ልጅ፣ «ዛፉ ትልቅ ነው፤ ጭረቱ ግን ትንሽ ነው፤ ምን ይጐዳዋል?» ይላል። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። አንዱ ልጅ በትምህርት ቤቱ ደጅ ባለው ዛፍ ላይ ፊት ቢቀርጽ፣ ሁለተኛው አይቶ ከአጠገቡ ይቀርጻል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። በመጨረሻ የሁሉም ጭረት ተጋጥሞ ግንዱን እንደ ቀለበት ይከበዋል። ዛፉ በደረቀ ጊዜ እያንዳንዱ፣ «እኔ ጥቂት ብቻ ነው የቈረጥሁት» ይላል፤ ጥላው ግን ለሁሉም ይጠፋል።

ስለዚህ ፊት መቅረጽ የሚወድ ልጅ ከታላላቆቹ አስፈቅዶ፣ ከወደቀ ግንድ ወይም ከማገዶ ክምር ቅርፊት ይፈልግ። ከወደቀ ቅርፊት የተቀረጸ ሽማግሌ ለሞተው ዛፍ መታሰቢያ ይሆናል፤ በሕያው ዛፍ ላይ የተቀረጸ ፊት ግን ቢስቅም ቍስል ነው።