ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ጭሱን ይዩ

ይድረስ በዳንግላና በአካባቢዋ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን ላለዎት አንባቢ፤

ሰኔ ደርሶ መሬቱ ሲርስ ትራክተርዎ ጧት ጧት አልነሳ ካለ፣ ከሚጠሩት መካኒክ አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ፖምፓው ይፈታ» ነው። እባክዎ አይፍቀዱ።

ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ማሲ 135ን እንውሰድ፤ ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ፒስቶኑ ያመቀው አየር ግሎ ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። ዳንግላ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ፣ ጧቷ ብርድ። የፒስቶን ፋሻው የተበላ ሞተር ቆላው መተማ ላይ በጄ ብሎ እዚህ ሊያኮርፍ ይችላል።

አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር፣ እርስዎ የጭስ ማውጫውን ይዩ። ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሲሊንደር አልደረሰም። ነጭ ጭስ ካለ ደርሷል፣ ግን አልነደደም።

ጭስ ከሌለ፣ የሞተር ማጥፊያው ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይመልከቱ። (ይህን ባለማየት ስንት ፖምፓ በከንቱ ተፈትቷል!) ቀጥሎ ውኃ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የሚገዛው ናፍጣ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል? ከፊልትሮው ሥር በብርጭቆ ይቅዱ፤ ውኃ ካለ ከታች ይዘቅጣል። ከዚያ አየሩን ያስወጡ። የእጅ ፖምፓዋን ምላስ እየገፉ የፊልትሮውን፣ ቀጥሎ የዋናውን ፖምፓ ማስተንፈሻ ብሎን ያላሉ፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ ያጥብቁ። ምላሷ ዝልፍልፍ ብትልብዎ ተበላሸች አይበሉ፤ ካሙ ገፍቶ ይዟት ይሆናል፤ ሞተሩን አንድ ዙር አዙረው እንደገና ይሞክሩ። በመጨረሻ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቱቦዎች ዳዶ አላልተው ሞተሪኖውን ያዙሩ፤ ናፍጣ ሲወጣ መልሰው ያጥብቁ። እጅዎን ያርቁ፤ በዚያ ግፊት የሚፈናጠር ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ነጭ ጭስ ከሆነ ፖምፓውን ይተዉት። ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ከዞረ አየሩ አይግልም። ጥቂት ካዞሩ በኋላ የባትሪውን ኬብል ጫፎች ይዳስሱ፤ የጋለው ጫፍ ዝጓል ወይም ላልቷል። አየር ማስገቢያው ላይ የተተከለችው ማሞቂያም አለች፤ ናፍጣ አንጠባጥባ የምታነድ ትንሽ ዕቃ ናት። ቁልፉን ወደ እሷ አዙረው 15 ሰከንድ ያህል ይያዙና አጠገቧን በጥንቃቄ ይንኩ። ካልሞቀ ወይ ሽቦዋ ተቃጥሏል፣ ወይ ኤሌክትሪክ አይደርሳትም።

ኤተር የሚረጩ አሉ። ማሞቂያዋ በጋለችበት ኤተር መርጨት ፍንዳታ መጥራት ነው። ሞተር ኤተር ይለምዳል ይባላል፤ እኔ እንደሚመስለኝ «ልማዱ» ፋሻው ይበልጥ መጎዳቱ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ነጩ ጭስ ከቀጠለ ቫልቮቹ ይስተካከሉ፤ ቴስታታው ከመከፈቱ በፊትም ኮምፕሬሽኑ በጌጅ ይለካ። ሦስቱም ሲሊንደሮች ዝቅ ካሉ ፋሻን ይጠርጥሩ፤ አንዱ ብቻ ከወረደ ቫልቭን ወይም ጓርኒሲዮንን። መካኒኩ ቁጥሮቹን በወረቀት ይጻፍልዎት፤ መለዋወጫ ሊገዙ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ።