ከብሳ በቡታጅራ

ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ቡታጅራ ትግባ ወልቂጤ፣ ሰው የሚጠይቃት ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» ይህ በአፍ ባይወጣ በዓይን ይጠየቃል፤ ሻንጣዋ ይቆጠራል፣ ለቤተሰቦቿ ቤት ሠርታ እንደሆነ ይጣራል። ቀጥሎ «አልበደሉሽም?» ይመጣል። ገንዘቡንና መከራውን ከሰማን በኋላ ወሬው ያበቃል። በመሃል ያለፈው ስድስት ሰባት ዓመት፣ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት የሌላ አገር ቀለብ ስታበስል የኖረችበት ጊዜ፣ ከቁም ነገር አይገባም።

እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ግን ሌላ ነው። እህቴ ቤት ቡና የሚጠጡትን ጓደኞቿን ሰፈሩ በስማቸው አይጠራቸውም። አንዷ «ቤይሩት» ናት፣ አንዷ «ጅዳ»፤ ሦስተኛዋ ኩዌትም ዱባይም ስለሠራች ስሟ እንደ ጠሪው ነው። አቦሉ ላይ ማዳሞቻቸውን ያማሉ፣ ያሳደጓቸውን ልጆች ያነሳሉ። በረካው ሲደርስ ወሬው ወጥ ቤት ገብቶ ክርክር ሆኗል። እኔ ጣልቃ ልግባ ስል «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ፣ ቡናህን ጠጣ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በክቤ ናዬ ነው። የሊባኖስ ሰው ትኩስ ቀይ ሥጋ አድቅቆ፣ ከደቃቅ ቡርጉል፣ ከሽንኩርትና ከናዕናዕ ጋር አሽቶ፣ የወይራ ዘይት አፍስሶበት በጥሬው ይበላል። «ቤይሩት» በሠራችበት ቤት የማዳም እናት እሁድ እሁድ ታዘጋጀው ነበር። «ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ሳይ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ» ትላለች። «እነዚህም ክትፎ ያውቃሉ እንዴ አልኩ በልቤ። ስቀምሰው ቀዝቃዛ ነው፣ ቅቤ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው።» «ጅዳ» የክቤን ዝምድና አትቀበልም፤ ሥጋ ውስጥ እህል የሚጨመረው ሥጋው ሲያንስ ነው ባይ ናት፣ ቡርጉሉም ለእሷ ያው ቅንጬ ነው። እኔ በዚህ ከ«ቤይሩት» ጎን ነኝ። ጥሬ ሥጋ አጣፍጦ መብላት የእኛ ብቻ የሚመስለው ሰው አንድ እሁድ ቤይሩት ቢውል አይጎዳውም።

ታቡሌ በሚባለው የፐርሰሜሎ ሰላጣ ላይ ግን ሦስቱም ይስማማሉ፤ ዋናው ቢላው ነው። ፐርሰሜሎው ታጥቦ ውኃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ብቻ ሳይሆን ጭራሽ እስኪደርቅ ይቆያል፤ እርጥቡን ከከተፉት ይላሽቃል። በተሳለ ቢላ ጠበቅ አድርጎ ይዞ አንዴ መቁረጥ ነው እንጂ ደጋግሞ መውቀጥ የለም። ቡርጉሉ ከእፍኝ ካለፈ ታቡሌነቱ ቀረ። ከዚያ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ናዕናዕ፣ ሎሚ፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው። ለመስቀል የጎመን ክትፎ ስትከትፍ ላደገች የጉራጌ ልጅ ይህ አዲስ ሙያ አይደለም፤ ቆጮ እንኳ ከመጋገሩ በፊት ቃጫው እስኪደቅ በቢላ ይከተፋል። ማዳሟ ለእንግዶቿ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ትል እንደነበር «ቤይሩት» ስትነግረን ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቢላ ያስያዘቻት እናቷ ናት፣ እዚሁ ዘቢዳር ተራራ ሥር።

የ«ጅዳ» ከብሳ ደግሞ ረጅም ትረካ አለው። መለኪያ የላትም፤ ሁሉም «እስኪበቃው» ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ቡናማ እስኪሆን ይቁላላል፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ ይገቡበታል፤ ቲማቲሙና ዶሮው ይከተላሉ። ዶሮው ውኃ ተጨምሮበት ከበሰለ በኋላ ይወጣና ለብቻው ይጠበሳል። ታጥቦ ግማሽ ሰዓት ያህል የተዘፈዘፈ ባስማቲ ሩዝ በመረቁ ይበስላል፤ መረቁ ከሩዙ በላይ አንድ የጣት አንጓ መቆም አለበት፤ በእሷ ቤት ብቸኛው ልክ ይኸው ነው። ከላይ ዘቢብና የተቆላ ለውዝ ይነሰነሳል።

ብልሃቱ ግን ጥቁሩ ሎሚ ላይ ነው። ሎሚ በጨው ውኃ ይፈላና ጠቁሮ እስኪጠነክር ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ተበስቶ ድስት ውስጥ ይጣላል። ያ ኮምጠጥ፣ ጨስ ጨስ የሚል ጣዕም የሚመጣው ከዚያ ነው። «ጅዳ» ገበያ ወጥታ ስታጣው የእህቴን ቆርቆሮ ጣሪያ ተውሳ የእኛኑ ትንንሽ ሎሚ አሰጣችበት። የጎረቤት ልጆች ጥቂቱን አውርደው ኳስ ሊጫወቱበት ሲሉ ደረሰችባቸው። ሄል ስታጣ ኮረሪማ ታስገባለች። ጅዳ ሳለች ደግሞ ኮረሪማዋ ሲያልቅ ሄል ወቅጣ የክትፎ ቅቤ ውስጥ ትጨምር ነበር፤ ይህን የሰማችው እህቴ ለረጅም ጊዜ ይቅር አላለቻትም።

የጅዳው ክትፎ የሚሠራው ክፍል ተከራይተው በተመላላሽ በሚሠሩ ጓደኞቿ ቤት፣ ዓርብ ዓርብ ነበር። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ኮሰረት፣ ሚጥሚጣ፣ የማረቆ በርበሬና የደረቀ ቡላ በሻንጣው ጠቅልሎ ይመጣል። ከሱፐርማርኬት የተገዛው ጨው አልባ ቅቤ በኮሰረቱ እንደገና ይነጠራል። ሥጋ ሻጩ «በማሽን ልፍጭልሽ» ሲላት እሺ አትልም፤ ማሽን ሥጋውን ጨፍልቆ ያሞቀዋል፣ ቢላ ነው ደሙን ይዞ የሚያስቀረው ትላለች። ቆጮ ግን ከየት ይምጣ። በቂጣ ይበሉት ነበር፤ «እሱ ክትፎ አይባልም» ብለው እየተማረሩ ጣባውን ይጠርጉታል። ቆጮው አገር ቤት ነው። ልጅቷ ስትሄድ ጓሮ የተተከለው እንሰት፣ እሷ ኮንትራት ስታሳድስና ስታሳድስ፣ ለመፋቅ ደርሶ ይጠብቃል።

መከራውም አለ፣ የሚወራው ግን በጨረፍታ ነው። በካፋላ ሥርዓት ውስጥ የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገወጥ ትሆናለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ «ጅዳ» በለበሰችው ልብስ ነው የመጣችው። «ቤይሩት» ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ሲፈነዳ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። መስታወቱ ከረገፈ በኋላ የሆነውን አትናገርም። ልትሠራው የነበረውን ግን ትናገራለች፦ ሙጀደራ፣ ምስርና ሩዝ አብሮ ተቀቅሎ ከላዩ ጠቆር እስኪል የተጠበሰ ሽንኩርት። ለጾም የሚሆን ነው ብላ አሠራሩን ለእህቴ ሰጥታታለች፤ አሁን እኛ ቤት ዓቢይ ጾም ያለ ሙጀደራ አይያዝም።

እኔን የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ ሙያ አለመቆጠሩ ነው። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር በመሄድ ላይ በ2006 ዓ.ም. ከተጣለው እገዳ በኋላ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ ለሥራ የምትሄድ ሴት ስምንተኛ ክፍል እንድትጨርስና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ የዓረብ ወጥ ቤት አይታ የማታውቅ ልጅ ስለ ኦቭንና ስለ ቫኪዩም ክሊነር ጥቂት ተምራ፣ ተፈትና፣ ወረቀት ይዛ ትሄዳለች። ያንን ሙያ ለዓመታት ሠርታበት፣ የሠላሳ ሰው ግብዣ ብቻዋን አዘጋጅታ፣ ሁለት ቋንቋ ለምዳ ስትመለስ ግን ወረቀት ልስጥሽ የሚላት አላየሁም። ቅጥር ስትጠይቅ «የሥራ ልምድ?» ሲሏት ዝም ትላለች፤ «የለም» ተብሎ ይጻፍላታል። ከተሞቻችን ውስጥ ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እነዚህን ሴቶች ፈትነው ማረጋገጫ ቢሰጧቸው ምን ይከብዳል? እንዲያውም ነገ የሚሄዱትን ልጆች ማሠልጠን ያለባቸው እነዚሁ ተመላሽ ሴቶች ናቸው። ሙጀደራ መሥራቱን ብቻ ሳይሆን፣ ፓስፖርትሽን ሲጠይቁሽ ምን በይ፣ ለማን ደውዪ የሚለውን ከእነሱ የተሻለ የሚያስተምር የለም።

ከተማው ራሱም ከነቀፋ አያመልጥም። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ምግብ ቤቶቻችን የሚጽፉት ሜኑ አንድ ነው፤ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ፍርፍር፣ ፓስታ፣ ሩዝ በስጎ። ያ ሩዝ በስጎ የሚሉት ነገር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የሩዝም የስጎም ክብር የለውም። ከምግብ ቤቱ በስተጀርባ ባለው ግቢ ግን ከብሳ የምታውቅ ሴት ልብስ ታጥባለች። «ማን ይበላዋል?» ይሉኛል። ፓስታውንስ ማን ይበላው ነበር? ሳምቡሳ ያለ ረመዳን ጠፍቶ ያውቃል? ደንበኛው አለ፤ ለዒድ የሚገዛ፣ ከጅዳ የተመለሰ ወንድም ያለው፣ ሌላም ደንበኛ አለ። በመስቀል ከአዲስ አበባ አገሩ የሚገባው ጉራጌ ሁለት ሦስት ቀን ክትፎ ላይ ከዋለ በኋላ ቀለል ያለ ነገር ሲያምረው አይቻለሁ፤ አፉን ሞልቶ አይናገርም እንጂ። ታቡሌ ለዚያ ሆድ የተፈጠረ ነው።

ለምግብ ሥራው መነሻ ገንዘቡ የት አለ ለሚለው መልሱ ቤታችን ውስጥ አለ። እናቶቻችን የመስቀልን ቅቤ ዓመቱን ሙሉ በዕቁብ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል፤ ማንም ብድር አልሰጣቸውም፣ በዓሉም ቅቤ አጥቶ አያውቅም። ሦስቱ ጓደኛሞች ይህንኑ ይዘው በየሳምንቱ ዕቁብ መጣል ጀምረዋል። ዕጣው የደረሳት ትልቁን ድስትና የጋዝ ምድጃውን ትገዛለች፤ ቦታው የእህቴ በረንዳ ነው። ሥራው በዓርብ ይጀመር ወይስ በእሁድ የሚለው ተፈቷል፣ በዓርብ ነው። ዋጋው ግን ገና አልተፈታም። «ጅዳ» ዶሮው በብልት ተቆጥሮ ይሸጥ ትላለች፣ «ቤይሩት» በሳህን። ኩዌትና ዱባይ የሠራችው ደግሞ ከብሳው በንጥር ቅቤ ይሠራ የሚል አዲስ ሐሳብ አምጥታ ሁለቱንም አስኮርፋለች። እኔ ቀምሻለሁ፤ አስተያየቴን ግን የጠየቀኝ የለም።