«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከልጆች እጅ ለሚነጥቁ የተሰጠ መልስ

በጉለሌ፥ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው፥ ወጣቶች የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያነቡታል፤ ማንበብ የታከተውም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ከስልኩ ከፍቶ ያደምጠዋል። መጽሐፉ ከታተመበት ከ1958 ዓመተ ምሕረት ወዲህ ብዙ ልብ ወለድ ተጽፎ ብዙው ተረስቷል፤ ይህ ግን አልተረሳም። ነገር ግን ከአባቶችና ከካህናት አንዳንዶቹ «ልብ ወለድ ሐሰት ነው፤ ይህም መጽሐፍ ካህንን ያዋርዳል፥ ልጆችንም ስለት ማፍረስን ያስተምራል» እያሉ ከልጆች እጅ ይነጥቁታል። አንብበው ቢነቅፉ ክርክሩ ክርክር በሆነ ነበር፤ የሚበዙት ግን የሚነቅፉት በወሬ ነው።

ሐሰት ነው ላሉት መልሱ ሩቅ አይደለም። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረው ባለጠጋ፥ ድኻውም፥ አንዲቱም በግ በኢየሩሳሌም ቢፈለጉ አይገኙም፤ ንጉሡ ግን ባልነበረው ባለጠጋ ላይ ፈርዶ ፍርዱን በራሱ ላይ አገኘው። ኢዮአታምም ዛፎች ንጉሥ ሲመርጡ ያሳየው ለሴኬም ሰዎች ነው እንጂ ለዛፍ ቈራጮች አይደለም። ይልቁንም ይህን ነቀፋ ከቅኔ ቤት በወጣ ሰው አፍ መስማት ያሳፍራል፤ ጉባኤ ቃና የቈጠረ ሁሉ ሰሙ ወርቁን ለመቅረጽ እንደሚቀልጥ ያውቃልና፥ ሰሙ ወርቅ አይደለም ብሎ መምህሩን የከሰሰ ተማሪ የለም።

ካህንን ያዋርዳል ለሚሉትም፥ ጸሐፊው ማን እንደ ሆኑ ይጠይቁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም እንዶዳም የተወለዱ የካህን ልጅ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስና በዲማ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል፤ ደበሎንና አቆፋዳን በወሬ አያውቋቸውም። ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በጣልያን አገር ታሰሩ፤ ከነጻነትም በኋላ በዋሽንግተንና በለንደን አገራቸውን ወክለው ተቀመጡ። ይህን ሁሉ ዓለም ያየ ሰው ዐምሳ ዓመት አልፎት ብዕሩን ሲያነሣ የመለሰው ወደ ማንኩሳና ወደ ዲማ ነው። ቤቱን የናቀ ሰው እንዲህ አይመለስም። ያላዋቂ ካህን ነውር ቢገልጡም፥ ነውሩን መግለጥ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተማሩት ነው፤ የዔሊን ልጆች ኃጢአት የጻፈ መጽሐፈ ሳሙኤል ክህነትን አዋረደ የሚል ማን ነው?

የስለቱ ነገር ግን ከባድ ነው፤ ነጣቂዎቹም በዚህ ብቻ ቁም ነገር ነክተዋል። በዛብህን ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ ኋላ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያልተሳለው ስለት አንገቱን ያዘው። ዮፍታሔ ተሳለ፥ የከፈለችው ግን ልጁ ናት፤ ይህን ምዕራፍ ሲተረጕሙ የማያዝኑ መምህር የሉም። ሐዲስም ስለት ይፍረስ አላሉም፤ አፉ የተሳለው ሌላ፥ ዕድሜው የተከፈለው ሌላ ሲሆን ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። ወላጆቹ ሐኪም ወይም መነኵሴ ትሆናለህ ብለው የወሰኑለት ወጣት ይህን ሲያነብ ስሙ የተጠራ ይመስለዋል። ጥያቄውን ሳይመልሱ መጽሐፉን መንጠቅ መልስ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ በሽሮ ሜዳ የሚነበብበት ምክንያት ሌላ ነው። ሰፈሩ አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሰፈር መሆኑ የታወቀ ነው። በቀደመው ዘመን ሸማኔ፥ ቀጥቃጭ፥ ፋቂ በእጁ ሥራ ይሰደብ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓመተ ምሕረት ሰውን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት፥ ዛሬም የጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ «አጥንቱ ምንድን ነው?» የሚል አልጠፋም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው እኩያ ዘር እየፈለጉ ዕድሜዋን ሲያሳልፉት ያነበበ የሸማኔ ልጅ ጎጃምን አይቶ ባያውቅም ፊታውራሪን ያውቃቸዋል፤ ትናንት በአንድ ሳሎን ተቀምጠው አባቱን ጠይቀውታል።

መጽሐፉ ነውር የለበትም ማለት አይደለም። ጉዱ ካሣ አንዳንድ ጊዜ ምክሩ ስብከት እስኪሆን ይረዝምበታል፤ በመጨረሻውም ሞት ተከታትሎ የአንባቢውን እንባ ሳይደርቅ ሌላ እንባ ይጠይቀዋል። ይህን የሚነቅፍ ቢነቅፍ ይገባዋል፤ ጉድለቱን ግን ያነበበ ብቻ ያየዋል።

እንግዲህ ከልጅ እጅ የነጠቁትን መጽሐፍ ከመመለሳቸው በፊት አንድ ሌሊት ያቆዩት፤ ፊታውራሪ ልጃቸውን ለማን እንደ ነፈጉ በመብራት ያንብቡ፤ ጠዋት የሸማኔው ልጅ መጽሐፌን ሊል ሲመጣ፥ የሚያገባትን የጎረቤታቸውን ልጅ ስም ቢጠራላቸው ምን እንደሚመልሱለት ያስቡ።