በሬው ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣኝ ከወደ ደብረ ታቦር ነው። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው፤ «ስሜ ይቆይ» ስላለኝ አላነሳውም። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ታላቅ ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ወድቆ በዚያው ቀረ። ሰፈሩ መጋኛ ነው አለ። አምና እኔም ዳገት ስወጣ ራሴን ሳትኩ። በኢኮ የልብህ ግድግዳ 19 ሚሊ ሜትር ሆኗል፣ ሕመሙም ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ ነው ተባልኩ። አሁን ደግሞ የልብ ኤም.አር.አይ. ተነሣ ብለውኛል። እናቴ አንዱን በሬ እንሽጥ ትላለች። ኢኮ ያላየውን ምን ሊያይ ነው? ለእጮኛዬስ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?»

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጽናችሁ። ይህ ሕመም ያለ ደም ግፊት የልብን ጡንቻ የሚያወፍር፣ ብዙውን ጊዜም በዘር የሚመጣ ነው። የካሜሩኑ ማርክ ቪቪየን ፎዬ ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ ሲሞት አስከሬኑ ተመርምሮ የተገኘው ይኸው ነበር። መጋኛ አይደለም።

ኢኮ የግድግዳውን ውፍረት ይለካል። ኤም.አር.አይ. ደግሞ የጡንቻውን ውስጥ ያሳያል። ጋዶሊኒየም የሚባል መድኃኒት በደም ሥርህ ይሰጥህና 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ፎቶው ይነሣል። ጤነኛው ጡንቻ መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚለቀው ጥቁር ይሆናል፤ ተጎድቶ ጠባሳ የሆነው ይዞ ስለሚቆይ ነጭ ሆኖ ያበራል። በዚህ ሕመም ነጩ ብዙ ጊዜ የሚታየው በወፈረው ግድግዳ መሃልና የቀኙ ልብ ከግራው በሚጋጠምበት ቦታ ነው። በደም ሥር መዘጋት የሚመጣው ጠባሳ ግን ከውስጠኛው ሽፋን ይጀምራል።

ጠባሳው የሚያስፈራው የልብ ኤሌክትሪክ እዚያ ሲደርስ መንገዱን ስለሚስት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣና 1,293 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት፣ ጠባሳው ከግራ ልብ ጡንቻ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ድንገተኛ ሞት በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። እንግዲህ ጥቂት ጠባሳ የሞት ፍርድ አይደለም፤ ጠባሳ አለመኖሩም ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

በሬውስ? ሐኪምህን አንዲት ነገር ጠይቀው፦ «ውጤቱ ሕክምናዬን ይለውጠዋል ወይ?» አንተ ራስህን ስተሃል፤ ወንድምህም በድንገት አርፏል። እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን ከባድ ምልክት ናቸው። ምት ሲዛባ የሚያስተካክል መሣሪያ ደረት ላይ ስለመትከል ለመነጋገር የግድ ፎቶው አይጠበቅም። ሐኪሙ ወስኖ ከሆነ የበሬው ገንዘብ ለዚያ ይዋል። የሚያመነታ ከሆነ ግን ፎቶው ዋጋ አለው። ከመነሣትህ በፊት ታዲያ ማሽኑ ልብ የሚያነሣ መሆኑን በስልክ አጣራ፤ ጭንቅላትና ወገብ የሚያነሣ ሁሉ ልብ አያነሣም። ኩላሊትህን የሚያምህ ከሆነም አስቀድመህ ተናገር።

እስከዚያው ኳሱና ወደ ጉና አቀበት መሮጡ ይቅር። ጠበልህን ተጠመቅ፣ ክኒንህን ግን አታቋርጥ። እህት ወንድሞችህና ወላጆችህም ባያማቸውም ኢ.ሲ.ጂ. እና ኢኮ ይነሡ።

ለእጮኛህ ንገራት! ሕመሙ በዘር የመጣ ከሆነ እያንዳንዱ ልጃችሁ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ይህን ከሠርግ በኋላ ከጎረቤት አፍ ከምትሰማው ዛሬ ካንተ ትስማው። ከወደደችህ አብራህ ሐኪም ቤት ትሄዳለች፤ ስትወድቅ ምን እንደምታደርግም ትማራለች። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምይዘው የጉዞ ጓድ እሷን ነው።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!