አረንጓዴ ሻይ ጠጡ፤ መድኃኒታችሁን ግን እንዳታቋርጡ!



ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ዶክተር፣ የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ስኳርና ደም ግፊት ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው?" የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። አንዳንዶቻችሁማ "ኪኒኑን ትቼ እሱን ልጠጣ?" ትሉኛላችሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ጥሩ መጠጥ ነው፣ መድኃኒት ግን አይደለም።

አረንጓዴ ሻይና የለመድነው ጥቁር ሻይ ከተለያየ ተክል የሚመጡ ይመስለናል። አይደለም! ውሽውሽ የሚለቀመውም ጃፓን ውስጥ የሚለቀመውም ያው አንድ ተክል ነው። ጥቁር ሻይ ቅጠሉ ታሽቶ አየር እያገኘው እንዲጠቁር ይደረጋል። ጃፓኖች ግን እንደለቀሙት በእንፋሎት ያበስሉታል። በዚህም ምክንያት ካቴኪን የሚባሉት አንቲኦክሲዳንቶች ሳይለወጡ በብዛት ይቆያሉ። ማቻ ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ተፈጭቶ ስለሚጠጣ ካቴኪኑም ካፌይኑም ጠንከር ይላል።

ጥናቱስ ምን ይላል? በጃፓን ኦሳኪ አካባቢ 40,530 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በቀን 5 ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት፣ ከ1 ስኒ በታች ከሚጠጡት ይልቅ በልብና ደም ሥር በሽታ የሞቱት ያነሱ ነበሩ። በካንሰር ሞት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ልብ በሉ፣ ሻይ የሚያዘወትሩት ሰዎች አመጋገባቸውና አኗኗራቸውም ሊለይ ስለሚችል ሁሉንም ለሻዩ መስጠት አይቻልም። ክብደት ይቀንሳል የሚባለውም ቢሆን፣ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እንደኔ እንደኔ ለእኛ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ ስኳሩ! በአንድ ብርጭቆ ሻይ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በቀን 4 ብርጭቆ ከጠጣ 12 ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 50 ግራም ስኳር ወሰደ ማለት ነው። አረንጓዴ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ካሎሪ የለውም ማለት ይቻላል። "ይመራል እኮ!" ካላችሁ፣ የሚመረው በፈላ ውሃ ስለምትዘፈዝፉት ነው። ውሃው ፈልቶ በረድ ሲል (ከ70–80 ዲግሪ) ጨምሩበት፤ ከ1–2 ደቂቃ በኋላ ቅጠሉን አውጡት።

እነዚህን ግን ተጠንቀቁ፦

👉 ደም ማነስ ያለባችሁና ነፍሰ ጡር እናቶች፦ ሻይ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን የምናገኘው አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል። ከምግብ ቢያንስ 1 ሰዓት አርቁት። ከአይረን ኪኒን ጋርም በፍጹም አትውሰዱት።

👉 ዋርፋሪን የምትወስዱ፦ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታብዙት።

👉 እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ፦ ካፌይን አለው፣ ማታ ማታ ይቅርባችሁ።

👉 "የአረንጓዴ ሻይ ኪኒን" የምትገዙ፦ ይሄ እንደ ስኒው ሻይ አይደለም። የተጨመቀው ንጥረ ነገር ሲበዛ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም በ2018 እ.ኤ.አ. ስለዚህ አስጠንቅቋል። እኔ አልመክርም።

በመጨረሻም ዋናው ነገር። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው "ሻዩ ተስማማኝ፣ ደህና ነኝ" እያለ ግፊቱ ውስጥ ውስጡን ሊጨምር፣ አንድ ቀን ስትሮክ ሊጥለው ይችላል። "ኪኒን ሰለቸኝ" ማለት ያለ ነው፣ ይገባኛል። መፍትሔው ግን መተው ሳይሆን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ነው። ሻዩን ከኪኒኑ ጎን አድርጉት እንጂ በኪኒኑ ቦታ አትተኩት።

ቤታችሁ ውስጥ መድኃኒት ትተው በሻይ ብቻ የተማመኑ እናት ወይም አባት ካሉ፣ ዛሬውኑ ይህን አንብቡላቸው፤ ግፊታቸውንም አስለኩላቸው። ለሌሎችም ሼር አድርጉ።

ጤናችሁ ይብዛ!