አካልን ቆጥሮ ችግርን መዘንጋት

በአየርላንድ ሪፐብሊክ አንድ አካል ጉዳተኛ መኪና ሲገዛ የምዝገባ ግብሩና ተጨማሪ እሴት ታክሱ እንዲመለስለት ሕግ ይፈቅዳል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ራሱ ለሚያሽከረክር እስከ 10,000፣ በተሳፋሪነት ለሚጓዝ እስከ 16,000 ዩሮ፣ ከፍተኛ ማሻሻያ ለሚያሻው መኪና ደግሞ ከዚያም በላይ ይደርሳል። ወደ መብቱ የሚያስገባው በር ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሐኪም ምስክር ወረቀት ነው።

ሐኪሙ የሚመሰክረው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ደንብ ከዘረዘራቸው ስድስት ሁኔታዎች አንዱ መሟላቱን ነው። ሁለቱም እግሮቹ ፈጽሞ ወይም ከሞላ ጎደል የማያገለግሉት፣ ሁለቱም እጆች የሌሉት፣ አንድ እግሩን ያጣ፤ ዝርዝሩ በዚሁ መንገድ ይቀጥላል። ልቡ ወይም ሳንባው ደክሞ ሃያ እርምጃ ተራምዶ የሚቆም ሰው በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ኦቲዝም ያለበትን ልጇን በአውቶቡስ ማጓጓዝ ያቃታት እናትም በሩ ተዘግቶባታል፤ የልጁ እጅና እግር ሙሉ ነውና።

ከደንቡ ይልቅ የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደንቡ በ1989 ከወጣው እናት ሕግ ጋር እንደማይጣጣም ወሰነ። መንግሥት ግን መስፈርቱን በማስፋት ፈንታ ያንኑ ዝርዝር በሕግ ውስጥ አሰፈረው። በ2021 መጨረሻ የይግባኝ ሰሚው ቦርድ ሐኪሞች ሥራቸውን ለቀቁ፤ ይግባኝ ባዮችም ለረጅም ጊዜ ሰሚ አጥተው ቆዩ።

እርግጥ ነው፣ ግምጃ ቤት ወሰን ያሻዋል። እጅና እግር መቁጠር ለሐኪሙ ይቀላል፤ ለአማላጅም ቀዳዳ አይሰጥም። ማኅተም በትውውቅ በሚመታበት አገር የኖረ ሰው ይህን አያቃልለውም። ቱርክ የመረጠችው የመቶኛ ስሌት ነው፤ በሐኪሞች ቦርድ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ጉዳት የተመዘገበለት ሰው፣ የጉዳቱ ዓይነት ሳይለይ፣ በዋጋ ጣሪያ ተወስኖ ከልዩ ፍጆታ ግብር ነጻ መኪና ይገዛል። ይህ ከአየርላንዱ ይሰፋል፤ ሆኖም 89ን ከ90 የሚለይ ሚዛን በየትኛው ሐኪም እጅ ይገኛል?

ኢትዮጵያ በ2010፣ አየርላንድ በ2018 ያጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የአካል ጉዳትን ሰውየው ከሚገጥመው መሰናክል ጋር አያይዞ ይመለከተዋል። እንግዲያው ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ ሊለወጥ ይገባል፦ ይህ ሰው ያለ መኪና ወደ ሥራው፣ ወደ ሕክምናው፣ ወደ ዘመዶቹ መድረስ ይችላልን? መልሱን ለመስጠት ከሐኪሙ ጎን የተሐድሶ ባለሙያ ይቀመጥ፤ ለይግባኙም የጊዜ ገደብ ይበጅለት። ወጪው የሚያሳስበው መንግሥት ገቢውን አይቶ የተመላሹን መጠን ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ችግረኛውን ከደጅ ከመመለስ ይህ ይሻላል።