አዋላጇ ስትወልድ ደመወዟን ማን ይክፈል?

መብት በነጋሪት ጋዜጣ ሲታወጅ ማጨብጨብ ቀላል ነው። ሂሳቡን ማን ይከፍላል ሲባል ግን ሁሉም ፊቱን ያዞራል። የወሊድ ፈቃድ ነገርም እንዲሁ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዟ ጋር እንድታርፍ ይፈቅዳል። በአዋጅ 377/1996 ጊዜ ከወሊድ በኋላ ያለው ዕረፍት 60 ቀን ነበርና ጭማሪው ይበል የሚያሰኝ ነው። እንዲያውም እኔ አንሷል ባይ ነኝ። ለወላዶች «እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም አትስጡ» እያለች የምታስተምረው ነርስ፣ የራሷን አራስ በሦስት ወሩ ጥላ ሥራ ትገባለች። አባትየውማ የተፈቀደለት 3 ቀን ብቻ ነው። ገንፎው ሳይበርድ ተነስ ይባላል።

ችግሩ ወዲህ ነው። ደመወዙን በሙሉ የሚከፍለው ቀጣሪው ብቻውን ነው። ትልቁ ሆስፒታል ይችለው ይሆናል። አንዲት አዋላጅና ሁለት ነርስ ይዞ የሚውል የሰፈር ክሊኒክ ግን ምን ይሁን? ባለሙያ የሌለው ክሊኒክ ደግሞ ክፍት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ለአራት ወር ገደማ ለወለደችውም ለተኪዋም ይከፍላል ማለት ነው።

ታዲያ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ መንግሥትን መጠየቅ ሲያቅተው በሴቷ ላይ ይበረታል። ገና ስትቀጠር «አግብተሻል? ልጅ ታስቢያለሽ?» ይላታል። ወይ የጥቂት ወር ኮንትራት ያስፈርማትና ሆዷ ገፋ ሲል «ጊዜሽ አልቋል» ብሎ ያሰናብታታል። ሕጉ እኮ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር እንዳትባረር ይከለክላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነፍሰ ጡርን ማሠራትም ክልክል ነው። የሌሊት ተረኛ ሆና የምታድረው ነፍሰ ጡር ግን ለማን አቤት ትበል? አቤት ካለች እንጀራዋን ታጣለች።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183፣ የወሊድ ክፍያ በማኅበራዊ ዋስትና ወይም በመንግሥት ገንዘብ እንዲሸፈንና ቀጣሪው ለብቻው እንዳይሸከመው ይላል። ሩዋንዳ በ2008 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ከቀጣሪው 0.3፣ ከሠራተኛው 0.3 በመቶ የሚዋጣበት የወሊድ ፈንድ አቋቁማለች። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በኋላ ያለውን ክፍያ ፈንዱ ይተካል። ሩዋንዳ ከእኛ ትበልጣለች ወይ? በሀብት ከሆነ ምን ያህል?

እኛም ማዋጣት አልጠፋብንም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ቀጣሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ በየወሩ ያስገባሉ። ሴቷም እኩል ይቆረጥባታል። ነገር ግን ፈንዱ እርጅናን፣ የአካል ጉዳትንና ሞትን እንጂ ወሊድን አያውቅም። ለመቃብር የታሰበውን ያህል ለአራስ ቤት አልታሰበም።

ስለዚህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የወሊድ መድን ሕግ አርቅቆ ለምክር ቤት ያቅርብ። የሥራ ተቆጣጣሪዎችም ከትልልቅ ፋብሪካዎች ወረድ ብለው የክሊኒኮችን በር ያንኳኩ። ለክሊኒክ ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ፦ ሸክማችሁ እውነት ነው፤ እስኪቃለል ድረስ ግን ሕግ ሕግ ነው። የሌላውን ልጅ እያዋለደች ያኖረቻችሁን ሴት በራሷ ልጅ አትቅጧት።